የጋሽ መዳፍ ቀለበት

ባሌ መኪና አጣቢ ነው። ይህን ስናገር ከንፈራቸውን የሚያጣምሙ አሉ፤ ያጣምሙ! መኪና ማጠብና መኪና ማርጠብ ለየቅል መሆኑ ላልገባው ሰው ምን ብዬ ላስረዳው? እሱ በሚሠራበት ላቫጆ ሌሎቹ ያረጥባሉ፣ እሱ ያጥባል። የሚስት ወሬ ነው የሚል ካለ ጥቁር መኪና ያላቸውን ይጠይቅ። ነጭ መኪና ሆደ ሰፊ ነው፣ ብዙ ነገር ችሎ ይደብቃል። ጥቁር መኪና ግን ምስጢር አያውቅም። ያለ ጥንቃቄ ያሸኸው እንደሆነ ፀሐይ ስታርፍበት ገላው ላይ ያለውን ጭረት ሁሉ ላላፊ አግዳሚው ይዘረግፈዋል። ለዚህ ነው ጥቁር መኪና ያለው ሁሉ ወረፋ ጠብቆም ቢሆን እሱን የሚፈልገው።

"ጋሽ መዳፍ" ነው የሚሉት። ዋና ስሙን የሚያውቅ መኖሩንም እንጃ፤ እኔም ስናደድ ብቻ ነው የምጠራው። ስሙ የወጣለት በሥራው ነው። ቀኝ እጁ በጨርቅ ሲያጥብ፣ ባዶው ግራ እጁ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ እርጥቡን ቀለም ይዳብሳል። ቀኙ ያጥባል፣ ግራው ያዳምጣል። ዓይን የማያያትን የአሸዋ ቅንጣት፣ ከመንገድ የተፈናጠረች የሬንጅ ጠብታ፣ ያቺ ግራ መዳፍ ታገኛታለች። "እዚህች ጋ አንዲት አለች" ይላል ለራሱ፤ እንደገና ውሃ ያፈስባታል።

ሳንጋባ በፊት ሥራውን ልይ ብዬ ሄጄ ነበር። አባቴ "ውሃ የሚረጭ ሰው ምን ሥራ አለው?" ስላለኝ በገዛ ዓይኔ አይቼ ልመልስለት ፈልጌ ነው። አንድ የተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀመጠኝና ሥራውን ቀጠለ። መጀመሪያ መኪናዋን በሾፌሯ ወደ ጥላ አስነዳት፤ ኮፈኑ እስኪቀዘቅዝም ጠበቀ።

"ፀሐይ ላይ ምን አላት?" አልኩት።

"ሳሙናው ቀለሙ ላይ ይደርቃል። ከደረቀ ደግሞ ምልክቱን ጥሎ ነው የሚሄደው።"

ከዚያ ጨርቅ ሳይነካ ከጣሪያው ጀምሮ ውሃ ብቻ ለረጅም ጊዜ አወረደባት። ትዕግሥቴ አለቀ። "ምነው፣ አታሻትም እንዴ? ወይስ ዝናብ ልታደርግላት ነው?" ስለው ሳቀ። አቧራው በውሃ ሳይወርድ በጨርቅ ያሸ ሰው በአሸዋ ወረቀት እንዳሸ ይቆጠራል አለኝ። አጠገቡ ሁለት ባልዲ አለ፤ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ። ጨርቁ ከመኪናው ያነሳውን አፈር ንጹሑ ውሃ ውስጥ አራግፎ ይተፋና ነው ሳሙናው ውስጥ የሚገባው። ከላይ ወደ ታች፣ ቀጥ ባለ መስመር እንጂ ዙሪያውን እያሽከረከሩ ማሸት የለም። ለጎማና ለቸርኬ ሌላ ጨርቅ አለው፤ "የእግር ጨርቅ ፊት አይነካም" ይላል። አንዱ ጨርቅ ከእጁ አምልጦት መሬት ወደቀ። ዓይኔ እያየ በእግሩ ወደ ጥግ ገፋው።

"አጥበህ አትጠቀምበትም?"

"መሬት የነካ ጨርቅ ሞቷል" አለ።

ሸሚዙ ቁልፍ የለውም፤ ሱሪውንም በገመድ ነው የሚያስረው፤ ጎንበስ ሲል የቀበቶው ብረት ቀለም እንዳይጭር። ቤት ገብቼ ለአባቴ "ቀበቶ የሌለው ባል ላገባ ነው" አልኩት። አባቴ ስቆ ስቆ ሲያበቃ ፈቀደ።

በተጋባን በሦስተኛው ቀን ነው የተጣላነው። ጠዋት ሥራ ሊሄድ ሲል ቀለበቱን አወለቀ። ኧረ ምን ጉድ ነው! ገና የሰርጉ ልብስ ሳይታጠብ! "ምነው፣ ለላቫጆው ሴቶች ላጤ ነኝ ልትል ነው?" ብዬ ጮህኩበት። እሱ እቴ፣ እንደኔ አይጮህም። ቀለበት ቀለም ይጭራል አለኝ፤ ግራ እጁ ቀለሙን የምትነካው ባዶዋን እንደሆነም አስረዳኝ። እውነት መሆኑ ገባኝ፤ ቁጭቱ ግን አልወጣልኝም። በመጨረሻ መዶሻ አንስቼ ከበሩ አጠገብ በውስጥ በኩል አንድ ሚስማር መታሁ። "ከዚህ በር ወዲያ የመኪና ነህ። ከዚህ በር ወዲህ የኔ ነህ" አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ሲወጣ ቀለበቱን ሚስማሩ ላይ ይሰቅላል፤ ማታ ሲገባ እጁን ይታጠብና ያጠልቀዋል። ልጃችን ተወልዳ፣ አድጋ፣ አግብታ እስክትወጣ ድረስ ይህ አልተቋረጠም። እኔም ለምጄው ከገበያ ስመለስ መጀመሪያ የማየው ሚስማሩን ነው። ቀለበት ከተንጠለጠለበት ባሌ ሥራ ነው። ባዶ ከሆነ ባሌ ቤት ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ማጠቢያ ጨርቆቹን የማዘጋጅለት እኔ ነኝ፤ ያረጁ የጥጥ ካናቴራዎች ሰብስቤ፣ ስፌታቸውን በሙሉ ፈትቼ፣ ክሩን ለቅሜ። ስፌት ይጭራላ! ሰው ሲያየኝ ይገርመዋል። ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ እሰፋለሁ፣ ሲመሽ ለባሌ እተረትራለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከልብስ ማስጫው ገመድ ነው። ሰማዩ ሲጠቁር "የደረቀውን ቶሎ ሰብስብልኝ" አልኩት። የገመዱን ልብስ እርጥቡንም ደረቁንም አንድ ላይ አቅፎት ገባ።

"አንተ ሰውዬ! ይሄ እኮ ውሃ ያንጠባጥባል! ጭራሽ ከተተኮሰው ጋር!"

ጎንበስ ብሎ አየ። የራሱ ሸሚዝ ደረቱ ላይ ርሶ ነበር። "ለካ እርጥብ ነው" አለ፤ እኔን ሳይሆን ልብሱን እያየ። እርጅና መጣልህ ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም።

ሌላ ቀን የፈላውን የሻይ ማንቆርቆሪያ በባዶ እጁ እጀታውን ጨብጦ ከምድጃው ላይ አነሳው። እኔ ያን እጀታ ያለ ጨርቅ አልነካውም። ረጋ ብሎ ቀዳልኝ፣ ለራሱም ቀዳ፣ መልሶም አስቀመጠው። መዳፉ ላይ ቀይ መስመር ወጥቶ ሳይ እሪ አልኩ። "የኔ ቆዳ ደንድኗል እኮ፣ ስንት ዘመን ውሃ ውስጥ የኖረ እጅ ነው" አለኝ። የደነደነ ቆዳ ቅንጣት አሸዋ ያገኛል እንዴ?

የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ላስቲክ አንጥፌበታለሁ። አንድ ቀን እዚያ አስቀመጥኩትና "ዓይንህን ጨፍን" አልኩት።

"ደግሞ ምን ልታደርጊኝ ነው?"

"ጨፍን አልኩህ!"

ጨፈነ። ጨው ቆንጥሬ ላስቲኩ ላይ በተንኩ። ግራ እጁን ይዤ አስቀመጥኩለት። "ዳብሰው። መኪና ነው በለው።" ዳበሰ። ወዲህ አመጣው፣ ወዲያ ወሰደው፣ እንደ ልማዱ ራሱን ዘንበል አድርጎ። እኔ ጨዉ ከመዳፉ ሥር ሲንኮሻኮሽ በጆሮዬ እየሰማሁ ነው።

"ጠረጴዛሽ ንጹሕ ነው" አለ ፈገግ ብሎ።

ዓይኑን ገለጠ። ጨዉን አየው። እጁን ገልብጦ መዳፉን አየ፤ እዚያም ጨው ተጣብቋል። አቤት፣ ያን ጊዜ ፊቱን ባላየሁት!

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ጣቶቼን ጓንት ያጠለቅሁ መሰለኝ። ጓንቱ እየወፈረ መጣ" አለ። ቀጥሎም "ለማንም እንዳትተነፍሺ" አለኝ።

ለምን እንደፈራ አውቃለሁ። ላቫጆው ውስጥ አንድ ሕግ አለ፤ ቀለም የጫረ ሰው ዳግመኛ ውሃ አይነካም። ምልጃ የለ፣ ሽማግሌ የለ። ይህን ሕግ ያወጣው ማን ይመስላችኋል? ይኸው የኔው ጉድ ነው። የአሁኑ ባለቤት አባት ቦታውን ሲከፍቱ ጠርተው ቢያማክሩት "ሰው መኪናውን ለኛ ሲሰጥ አምኖ ነው፤ የጫረ ይውጣ" አላቸው። በዚያ ሕግ ስንቱ ወጥቷል። አሁን በራሱ ሕግ ራሱ ሊወጣ ነው። ቢወጣ ሌላ ምን ያውቃል? መኪና እንኳ መንዳት አይችልም እኮ! ዕድሜ ልኩን መኪና ሲያጥብ አንድም ቀን መሪ ጨብጦ አያውቅም።

እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ስኳር ነው አሉን፤ ሳናውቀው ስንት ዘመን ከኛ ጋር ኖሯል። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ደግ ናት። ስለ ምግቡ ነገረችን፣ ስለ መድኃኒቱ ነገረችን፣ እግሩን በየቀኑ እንዲያይ አስጠነቀቀችን። እሱ ሁሉንም በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ "ጣቴስ?" አላት።

"የሄደው ስሜት ይመለሳል ብዬ ልዋሽህ አልችልም አባባ። የምንሠራው እንዳይብስ ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አላት፤ ስጦታ እንደተቀበለ ሰው። ስንወጣ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ግራ እጁን እያንሸራተተ ሄደ። ግድግዳው እዚህም እዚያም ተቀርፎ የቆርቆሮ ጫፍ የመሰለ ነገር ወጥቶበታል። እሱ ግን ለስላሳ ነገር እንደሚዳብስ ነው የሚያልፍበት። እኔ ከኋላው እየሄድኩ ከንፈሬን ነክሼ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ቀለበቱን ያጠልቃል፣ ይቀመጣል። እንጀራውን የሚበላው እጁን በዓይኑ እየተከተለ ነው። እኔ ደግሞ በየቀኑ አንድ ሰው ሮጦ መጥቶ "ጋሽ መዳፍ መኪና ጫረ" የሚለኝ እየመሰለኝ መርፌውን ጣቴ ላይ እሰካ ነበር።

አንድ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ በፎጣ ሲያብስ "ቆረቆረኝ!" ብሎ ጮኸ። እባብ የነከሰው ነው የመሰለኝ፤ መጥረጊያ ይዤ ሮጥኩ። ፎጣው ላይ አንዲት የተቋጠረች ክር አለች። ጉንጩን ነው የቆረቆረችው።

"ጉንጬ ደህና ነው! ጉንጬ ይሰማዋል!" ይላል እንደ ልጅ። "ጨው አምጪ!"

ጨው በተንኩለት። ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ላስቲኩ ላይ አስተኛና ቀስ ብሎ አንሸራተተ። "እዚህ!... እዚህችም አለች!" አንድ ቅንጣት አላመለጠውም። እንዴት እንደሳቅን! እኔ ሳቄ ወደ ልቅሶ ተቀየረብኝ። ጉንጩ ላይ የተጣበቀውን ጨው እያራገፍኩለት፣ ምናለ ይህ ብቻ ቢቀርልን ብዬ ለመንኩ።

እንግዲህ ባሌ መኪና በጉንጩ መዳሰስ ጀመረ። አጥቦ ሲጨርስ ጎንበስ ይልና ፊቱን ኮፈኑ ላይ፣ በሩ ላይ፣ ጣሪያው ላይ ያስተኛል። ጨርቁንም ከመጠቀሙ በፊት ፊቱ ላይ ያሸዋል። መቼም ሰው ዝም አይልም፤ ላቫጆው በሳቅ ፈረሰ። "ጋሽ መዳፍ መኪና ሲስም አየነው!" ተባለ። አንድ ቀን ጨርቅ ላደርስ ብሄድ ከአጣቢዎቹ አንዱ፣ ምላሱ ረጅም የሆነው፣ "እትዬ፣ ባልሽ ውሽማ እንደያዘ ሰማሽ ወይ?" አለኝ።

"ሰምቻለሁ! አንተን የሚስም ስለጠፋ ነው የምትንጨረጨረው?" አልኩት። ጓደኞቹ ሳቁበት። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የላቫጆው ባለቤት፣ የሟቹ መሥራች ልጅ፣ ጨዋ ነው። "ጋሼ፣ ደህና ነህ አይደል?" ብሎ ጠየቀው። "አዲስ ዘዴ ነው፣ ጉንጭ ከእጅ ይበልጣል" አለው ባሌ። ልጁ አመነውም አላመነውም ወደ ቢሮው ተመለሰ። እኛም በዚያች ጉንጭ ተንጠልጥለን ሰነበትን። ግራ እጁ ግን ልማዷን አልተወችም። ምንም ሳታዳምጥ፣ ቀኙ በሄደበት ሁሉ ትከተላለች። የኖረችበት ነውና ማን ይከልክላት?

ጡረታ የወጡ አንዲት አዋላጅ አሉ። ልጃችንን ያዋለዱኝ እሳቸው ናቸው። ከሟች ባላቸው የቀረቻቸው ጥቁር መኪና አለቻቸው፤ ከኔ ባል በቀር ሰው አያስነኳትም። አንድ ቀን ማለዳ መንገድ ስለሚሄዱ ቀደም ብለው እንደሚመጡ ላኩበት። እሱም ላለማስጠበቅ ሻይም ሳይጠጣ፣ እኔንም ሳይቀሰቅስ ወጣ።

ተነስቼ መጥረጊያ አነሳሁ። ዓይኔ ሚስማሩ ላይ አረፈ። ባዶ ነው። "ቤት አለ ማለት ነው" አልኩ። "ሻይ ላፍላልህ?" ብዬ ወደ ጓሮ ተጣራሁ። መልስ የለም። "አንተ! አትሰማም እንዴ?" ጓሮው ባዶ ነው። ጫማው የለም። መልሼ ሚስማሩን አየሁት።

ወይኔ ልጅቱ! ቀለበት ጣት ላይ መኖሩን ሰው የሚያውቀው ጣቱ ስለሚነግረው ነው። የእሱ ጣት ከመናገር ካቆመ ቆይቷል።

ወደ ስልኩ ደወልኩ፤ እሱ ሲያጥብ ስልኩን ሳጥን ውስጥ ነው የሚቆልፈው፣ ይጠራል ይጠራል ይዘጋል። በነጠላ ጫማ፣ መጥረጊያውን እንደያዝኩ ወጣሁ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ የተሰለፉት "ምን ሆነሽ? ማን ሞተ?" ሲሉኝ አልመለስኩም። አንዱ ጫማዬ ተበጥሶ ቀረ። ያቺ የጥቁር መኪና ቀለም ናት በዓይኔ የምትሄደው። ምነው በደረስኩበት፣ እጁን በያዝኩለት እያልኩ ሮጥኩ።

ስደርስ የውሃው ፓምፕ ጆሮ ያደነቁራል። ጥቁሯ መኪና ጥላው ውስጥ በሳሙና አረፋ ተሸፍና ቆማለች። ባሌ በወዲያኛው በኩል አጥቦ ጨርሶ ወደዚህኛው ዞሮ፣ የኋላው በር ጫፍ ላይ እየደረሰ ነው። ቀኙ ያጥባል፣ ግራው ይከተላል። ከአረፋው ውስጥ ቀለበቷ ብልጭ አለች።

"ተው! እጅህን አንሳ!" ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል? እሱ የውሃውን ጎማ አነሳና ውሃ አወረደባት። አረፋው ከጣሪያው ተንሸራቶ በሩን ለቀቀው። ከፊተኛው ፓራፋንጎ እስከ ኋላ በር፣ ክር በማስመሪያ የዘረጉበት የመሰለ ነጭ መስመር። ከሥሩ ሌላ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ። እሱ ዓይኑ እንደድሮው ቅርብ አያይም፤ ፊቱ ብሩህ ነው። ጥግ ላይ ለቆሙት አዋላጅ "እትዬ፣ መስታወት አደረግኋት!" አላቸው። እሳቸው መስመሩን አይተውታል።

ከዚያ ጎንበስ አለ። ጉንጩን በሩ ላይ አስተኛ። ትንሽ አንሸራተተና ቆመ። ዓይኑን ጨፍኗል። ወደ ኋላ መለሰው፣ እንደገና ወደ ፊት። መስመሩን በጉንጩ እየተከተለ ወደ ፊተኛው በር ሄደ፤ ከየት እንደጀመረ እየፈለገ ነው። አጣቢዎቹ መሳቅ ጀምረው ነበር፤ አንዱ ፓምፑን ሲያጠፋው ሁሉም ጸጥ አሉ። ባሌ እንደተደፋ ቀረ። ቀና ሲል መኪናዋን አይደለም ያየው፤ ግራ እጁን ነው።

አጠገቡ ደርሻለሁ፤ ግን ምን ይደረጋል? መጥረጊያዬን ይዤ ቆምኩ።

አዋላጇ መጡና እጁን ያዙት። "ፊትህን ወደዚያ አዙር" አሉት፤ አዞረ። ጣቱን በጥፍራቸው ቆነጠጡት። "ይሰማሃል?"

"አዎ እትዬ።"

እጃቸውን አነሱ። ጣቱን ምንም አልነካውም። "አሁንስ?"

"አዎ፣ ይሰማኛል።"

እሳቸውም እኔም ተያየን። ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ግድ የለም ልጄ። ቀለም ነው፤ ይቀባል" አሉት።

"የመኪናዋስ ይቀባል እትዬ" አለ።

ባለቤቱ ከቢሮው ወጥቶ መጣ። በሩን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። መጀመሪያ የተናገረው ባሌ ነው። "ሕጉን ታውቀዋለህ" አለው። ከዚያ በእጁ የነበረውን ጨርቅ፣ እኔ ስፌቱን የፈታሁለትን፣ ጎንበስ ብሎ በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀመጠው። ምላሰ ረጅሙ ልጅ ሊያነሳለት እጁን ሰደደ። "ተወው፤ መሬት ነክቷል" አለው። ልጁ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

ባለቤቱ እስከ በሩ ተከትሎን ወጣ። "ጋሼ፣ በር ላይ ተቀምጠህ የሚገቡትን መኪኖች አስተናግድልኝ፤ አባቴ ቢኖር አይለቅህም ነበር" አለው። ባሌ እሺ አለ። ለጥቂት ቀን በር ላይ ተቀመጠ። እዚያ ሆኖ ግን ጨርቅ ሲወድቅ ያያል፣ ተነስቶ ሲታጠብበት ያያል። አንዱን "ኧረ ቀጥ አድርገህ! አታሽከርክረው!" ብሎ ቢጮህበት "ጋሼ፣ አንተ ራስህ የጫርከውን መስመር እንኳ አላየህም" አለው። እውነቱን ነው፤ ክፉ ሆኖ አይመስለኝም። ባሌ ግን በማግሥቱ ሳይሄድ ቀረ። በሦስተኛውም ቀረ። አሁን ማንም "ለምን አትሄድም?" አይለውም፤ እኔም አልለውም።

ፍርድ ይመስላል። በተጋባን በሦስተኛው ቀን ቀለበትህን አታውልቅ ብዬ የጮህኩበት ሴትዮ፣ ይኸው አገኘሁ። አሁን አያወልቀውም። ጠዋትም ማታም ጣቱ ላይ ነው። ሚስማሩ ባዶ ነው፣ ባሌ ቤት ነው። አንዳንዴ በሐሳብ ተውጦ ሳለ ድንገት ይደነግጥና እጁን ወደ ብርሃን ያነሳዋል፤ ቀለበቱ መኖሩን በዓይኑ ለማረጋገጥ። ጉንጩን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም ነገር ላይ አሳርፎ አያውቅም። ፊቱን በፎጣ አያብስም፣ ንፋስ ያደርቀዋል። ትራስ ላይ እንኳ በጀርባው ነው የሚተኛው።

ትናንት አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። እኔ ሳላስበው ካናቴራ እየተረተርኩ ነበር፤ እጄ ልማዱን አልተወማ። ስፌቱን ስፈታ፣ ክሩን ስለቅም፣ ለማን ነው አልኩ። እዚያው ጨለማው ውስጥ አለቀስኩ፤ ድምፄን ውጬ፣ ትንፋሼን ይዤ። እሱ ግን ሰው ነው፣ ታወቀው። ተነሳና በዳበሳ መጣ። ግራ መዳፉን ጉንጬ ላይ አሳረፈ። ፊቴ በሙሉ ርሷል፤ እንባዬ በጣቶቹ መሀል ገብቶ ወደ አንጓው ይወርዳል። ቀለበቱ ይቀዘቅዛል።

መኪና እንደሚዳብስ ቀስ ብሎ ከላይ ወደ ታች ዳበሰኝ። ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ።

"ጎበዝ" አለኝ። "የምታለቅሺ መስሎኝ ነበር እኮ።"

"አላለቀስኩም" አልኩት።